ጅማ ውስጥ አሮጌ ቤት ልታፈርሱ ነው? መጀመሪያ ጆሯችሁን ስጡት

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ የትም ብትሄዱ የሆነ ነገር እየፈረሰ ነው። ፈረንጅ አራዳ በሉት፣ ሄርማታ በሉት፣ መርካቶ በሉት፣ መንገድ ሊሰፋ የሚፈርስ አለ፣ ባለቤቱ ራሱ ጭቃ ቤቱን አንስቶ ብሎኬት ሊያቆም የሚያፈርሰው አለ፣ ወራሾች ተካፍለው ግማሹን ብቻ የሚያፈርሱትም አለ። ለመገንባት ሁሉም ሰው ኢንጂነር ይፈልጋል፣ ለማፍረስ ግን ሦስት ቀን ሠራተኛ ጠርቶ መዶሻ ማስያዝ ይበቃል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፣ እኔን የሚያስጨንቀኝም ይሄ ነው። ቤት ሲሠራ ክብደቱን ቀስ በቀስ ነው የሚለምደው፣ ሲፈርስ ግን ያነሳችሁት እያንዳንዱ እንጨት የተሸከመውን ነገር ለሌላው አስረክቦ ነው የሚሄደው፣ ለማን እንዳስረከበ ደግሞ በዓይን አይታይም፣ በጆሮ ግን ብዙ ጊዜ ይሰማል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ነው፣ ቤት እንዴት እንደሚፈርስና እየፈረሰ ምን ምን እንደሚል።

የማወራው ስለ ጂ ፕላስ ምናምን አይደለም። ፎቅ ካለው፣ ሶሌታ (የአርማታ ወለል ወይ ጣሪያ) ካለው፣ ባልኮኒ ካለው ኢንጂነር ሳይቆምበት አትንኩት፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። የማወራው ብዙዎቻችን ስላለን ቤት ነው፣ ጭቃ ቤት ወይ አንድ ወለል ብሎኬት።

ወረቀቱን ቶሎ ልጨርሰው። ማፍረስም እንደ መገንባት ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥራ ነው፣ የከተማው ግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ሄዳችሁ ጨርሱ። ቤቱ የድሮ ከሆነ፣ ማለትም ከአባ ጅፋር ዘመን ወይ ከጣልያን ጊዜ የቀረ የእንጨት በረንዳ ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ባህልና ቱሪዝም ሳትጠይቁ እንዳትነኩት፣ በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዲነካ አይፈቅድም። እና በሕግ ባይሆን እንኳን ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያያችሁ ሰዎች የድሮ አናጢ እንጨትን እንዴት አድርጎ እንጨት ላይ እንደሚያስቀምጥ ታውቃላችሁ፣ ከተማው ውስጥም የዛ እጅ የነካቸው ቤቶች አሉ፣ አንዴ ከፈረሱ የሚመልሳቸው የለም።

ጊዜ ምረጡ። ጅማ ዝናቧ የታወቀ ነው፣ ዓመቱን ግማሽ ያህሉን ይዘንባል ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ለማፍረስ ደህናው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። ክረምት ላይ ውሃ የጠጣ ጭቃ ግድግዳ ክብደቱ ሌላ ነው፣ ልስኑ በአንድ ጊዜ ነው የሚወርደው፣ ደግሞ እርጥብ ግድግዳ ድምፁ ይታፈናል፣ ሊወድቅ ሲል የሚሰጠው ምልክት አይሰማችሁም።

መብራትና ውሃ። ቆጣሪውን አጥፍቶ መጀመር አይበቃም፣ መስመሩ ከፖሉ ላይ በመብራት ኃይል ሰዎች መቆረጥ አለበት። አሮጌ ቤት ውስጥ አንዱ ክፍል ከጎረቤት የተጠለፈ ሌላ መስመር ሊኖረው ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ያለ ነገር ነው፣ ስለዚህ ከተቆረጠም በኋላ እያንዳንዱን ማብሪያ በቴስተር እዩ። ለጎረቤትም ቀድማችሁ ንገሩ፣ በወረቀት ሳይሆን በአካል ሄዳችሁ፣ ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ። አራስ ያለችበት ቤት ካለ፣ ለቅሶ ካለ፣ የታመመ ካለ እዛው ትሰማላችሁ፣ ቀኑንም በዛ ታስተካክላላችሁ። የአዛን ሰዓትና የዓርብ ጁምዓ፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ፣ መዶሻ የሚቆምባቸው ሰዓቶች ናቸው። እዛው ሳላችሁ የጎረቤቱን ግድግዳ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የነበረውን ስንጥቅ በቅርበት፣ እሱ ባለበት። ኋላ ‹ግድግዳዬን ሰነጠቃችሁት› የሚል ጭቅጭቅ ሲመጣ ሁለታችሁንም ያድናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዕቃው ወጥቶ ቤቱ ባዶ ከሆነ በኋላ፣ ምንም ሳትነኩ፣ ጠዋት ሰፈሩ ጸጥ እንዳለ ትንሽ መዶሻና ጠመኔ ይዛችሁ ግቡ። እያንዳንዱን ቋሚ ሦስት ቦታ ላይ ምቱ፣ እግሩ ጋ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ መሐሉ ላይ፣ እና ጣሪያውን የሚሸከምበት ራሱ ላይ። ጤነኛ እንጨት ‹ቋ› ይላል፣ ድምፁ አጭርና ጥርት ያለ ነው፣ መዶሻውም ወደ እጃችሁ ይመለሳል። ምስጥ የበላው ወይ እግሩ የበሰበሰው ‹ድፍ› ነው የሚለው፣ መዶሻው እዛው ይቀራል። ልስኑ ከማገሩ ተላቆ በአየር ላይ የቆመበት ቦታ ደግሞ ‹ጓ› ብሎ ባዶ ባዶ ይላል፣ እሱ በመጀመሪያው ንዝረት በአንድ ገበታ የሚወርድ ነው፣ ሥሩ ሰው አይቁም። ድፍና ጓ ያለውን ሁሉ በጠመኔ ኤክስ አድርጉበት።

ሄርማታ በኩል አንድ ቤት ሲፈርስ ያየኋቸው ሽማግሌ አናጢ ነበሩ፣ ቋሚውን በአንድ እጃቸው ይመቱና ሌላኛውን መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው ይጠብቃሉ፣ ድምፁን በእጃቸውም ነው የሚሰሙት። አብሯቸው የሚሠራው ልጅ ‹ጋሼ ይሄኛው እኮ ደህና ነው› አላቸው፣ የማዕዘኑን ቋሚ ደረቱ ላይ መትቶ ቋ ስላለለት። ‹እስቲ እግሩን ምታው› አሉት። መታው፣ ድፍ። ልስኑን በዲጂኖ ጫፍ ሲፍቁለት እንጨቱ ከሥር ዱቄት ሆኖ እግራቸው ላይ ፈሰሰ፣ ከላይ ያለው ሙሉ እንጨት የቆመው በልስኑ ተይዞ ነበር። ያን ቀን ጣሪያ ላይ ማንም አልወጣም፣ መጀመሪያ ሁለት ወፍራም አጠና ተቆርጦ ማዕዘኑ ተደገፈ፣ ከዛ ነው ቆርቆሮ የተነሳው።

ግድግዳውን ከጨረሳችሁ ወለሉን አትርሱ። ይሄን በጣም ነው የምለምናችሁ። አሮጌ ግቢ ውስጥ ሞልቶ የተዘጋ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ፣ ላዩ ላይ እንጨት ረብርበው አፈር አልብሰውበት፣ ኋላ ማድቤት ወይ ሰርቪስ ክፍል ተሠርቶበት ሊሆን ይችላል። ዲጂኖ ይዛችሁ በየሜትሩ መሬቱን ዱቅ ዱቅ አድርጉት፣ ጠንካራ መሬት ድምፁ ይሞታል፣ ጉድጓድ ያለበት ግን ‹ዱም› ብሎ ከሥር ይመልስላችኋል፣ እግራችሁም ላይ ይሰማችኋል። ሊሾ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይለያል። የተጠራጠራችሁበትን በገመድ እጠሩት፣ ጎረቤት ያሉ ትልልቅ ሰዎችንም ጠይቁ፣ የድሮው ጉድጓድ የት እንደነበር የሚያስታውስ ሁሌም አይጠፋም። ፍርስራሽ ሲከመርበትና ሲኖትራክ ሲቆምበት ነው የሚደረመሰው፣ ከገባ ሰው ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጋዝ ራሱ ይገድላል፣ ያዳንኩ ብሎ ተከትሎ የሚገባውንም ጭምር።

አፈራረሱ በቃ የአሠራሩ ተቃራኒ ነው፣ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። በርና መስኮት፣ ኮርኒስ፣ አሸንዳ፣ ቆርቆሮ፣ ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት አግድም እንጨት)፣ ወራጅ (ሞራሌውን የሚሸከመው እንጨት)፣ ከዛ ግድግዳ፣ መጨረሻ ላይ መሠረት። በርና መስኮት ስታወጡ ከላዩ ያለው ግድግዳ በመቃኑ የተያዘ እንደሆነ እዩ፣ ከሆነ መቃኑን ተዉት፣ መዝጊያውን ብቻ ፍቱ። ቆርቆሮ ላይ የሚወጣ ሰው ሚስማሩ መሥመር ላይ ነው የሚረግጠው፣ ምክንያቱም ከሥሩ ሞራሌ ያለው እዛ ነው፣ መሐል ላይ መርገጥ የለም። ሚስማር ስትነቅሉ ከመዶሻው ሥር ጣውላ አድርጉ፣ ቆርቆሮው አይጎዳም፣ ድምፁንም ስሙት፣ ጤነኛ ሞራሌ ሚስማሩን ሲለቅ ‹ሲጥጥጥ› ብሎ እየተናነቀ ነው፣ ዝም ብሎ ከወጣላችሁ ግን እንጨቱ በስብሷል፣ ከዛ ላይ ውረዱ። ጣሪያ ላይ እንዲህ በቀላሉ የሚወጣ ሚስማር ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም።

የድሮ ጣሪያ ላይ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲሚንቶ የሚመስል ክፈፍ ካገኛችሁ አቁሙ። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፣ ሲሰበር የሚነሳው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። መስበር፣ በመጋዝ መቁረጥ፣ ከላይ መወርወር የለም፣ አርጥባችሁ ሙሉውን አውርዱት፣ በላስቲክ ጠቅልሉት፣ የት እንደሚጣል የከተማውን ሰዎች ጠይቁ። ለአጥርም ለዶሮ ቤትም አትስጡት።

ጣሪያው ከወጣ በኋላ ጭቃ ቤት ተባባሪ ነው። እንጨት ስለሆነ ከመውደቁ በፊት ያወራል፣ ይንቋቋል፣ ማገሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ለመሸሽ ጊዜ ይሰጣችኋል። ልስኑን ከላይ ወደ ታች አራግፉ፣ በትንሹ ውሃ እየረጫችሁ፣ ለአቧራ የሚበቃ ያህል ብቻ እንጂ አታጨቅዩት። ከዛ ማገሩን ፍቱ፣ ቋሚውን አንድ በአንድ አውጡ፣ ማዕዘኖቹን መጨረሻ ላይ።

ብሎኬት ግን ጸባዩ ሌላ ነው፣ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ጋ ነው። ብሎኬት አያንቋቋም። ያለው ምልክት ትንሽ ነው፣ ከመገጣጠሚያው ላይ የሲሚንቶ ፍርፋሪ ‹ሽርርር› ብሎ ይፈሳል፣ እንደ ጤፍ ከወንፊት ሲወርድ፣ አንዳንዴ አንድ ‹ቷ› ይሰማል፣ ከዛ በቃ ሙሉው ግድግዳ መሬት ላይ ነው። በሁለቱ መሐል ሦስት እርምጃ የምትራመዱበት ጊዜ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ብዙ ቦታ የሚደረገውን ነገር፣ የግድግዳውን እግር በዲጂኖ ቦርቡሮ በገመድ መጎተትን፣ እባካችሁ አታድርጉት። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን ግድግዳው ወዴት እንደሚወድቅ የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። ትክክለኛው ከላይ መጀመር ነው፣ አስካፎልድ ላይ ቆሞ፣ ሁለት ሦስት ረድፍ ብቻ፣ ወደ ቤቱ ውስጥ እየጣሉ፣ ከውጪ በኩል ማንም በሌለበት። ቶፕ ታይ ቢም፣ ማለትም ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስረው አርማታ፣ ካለ እሱ መጀመሪያ በአጭር በአጭሩ ተቆርጦ ይወርዳል፣ ፌሮው ሲቆረጥ ዘሎ ስለሚመታ ከፊቱ አትቁሙ። ሰው የማይደርስበት ርቀት ቢያንስ የግድግዳው ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፣ ሦስት ሜትር ግድግዳ ከሆነ አራት ሜትር ተኩል። ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ለብቻው ቆሞ አይደር፣ ማታ ነፋስ ይጥለዋል፣ ልጆች ደግሞ እዛ ነው የሚጫወቱት። ማውረድ ካልቻላችሁ በሁለቱም በኩል ደግፉት።

አሁን ሶሌታን ለምን ለኢንጂነር ተዉ እንዳልኩ። አርማታ አንድ ሜትር ኩብ 2500 ኪሎ አካባቢ ነው። 15 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሶሌታ አንዷ ካሬ ሜትር ብቻ 375 ኪሎ ትመጣለች ማለት ነው፣ ላይዋ ላይ ፍርስራሽ ሲከመርባት ደግሞ ጨምሩበት። ባልኮኒ ሲሆን ይብሳል፣ ባልኮኒን የያዘው ከኋላው ያለው ክብደትና ከላይ በኩል ያለው ፌሮ ነው፣ ከኋላ ከጀመራችሁ ላዩ ላይ ያለውን ሰው ይዞ ይገለበጣል። አርማታንም ቢሆን መስማት ይቻላል፣ ኢንጂነሮችም በመዶሻ እየመቱ ይፈትሹታል፣ ደህናው ይጮሃል፣ ውስጡ የተላቀቀው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ግን የሚሰማውን ነገር ወደ ውሳኔ የሚቀይር ሰው ያስፈልጋል።

ጎረቤት የሚረብሽ ከሆነና ወፍራም አርማታ ወይ ትልቅ የመሠረት ድንጋይ ከገጠማችሁ ዝም ብሎ የሚሰብር ዱቄት አለ፣ ከተቃጠለ ኖራ የሚሠራ። በድሪል ቀዳዳ ይቀዳለታል፣ ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ይፈስበታል፣ ቀስ እያለ ያብጥና በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ አርማታውን ይሰነጥቀዋል። ጩኸት የለውም፣ ንዝረት የለውም፣ የምትሰሙት አልፎ አልፎ ‹ቀጭ› የሚል ነገር ነው። ግን ጸጥ ስላለ አትናቁት፣ ሲሞቅ ከቀዳዳው ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ዓይን ያጠፋል፣ መነጽር ሳያደርጉ ጎንበስ ብሎ ማየት ክልክል ነው።

ማሽን የምታስገቡ ከሆነ፣ ጃክ ሃመር የተገጠመለት ኤክስካቫተር ሁለት ሰዓት ውስጥ የሰው ጉልበት ሳምንት የሚፈጅበትን ይጨርሳል፣ ሆኖም መርካቶ አካባቢ እንዳሉት ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ቤቶች ከሆኑ መጀመሪያ የጋራውን በእጅ ለይታችሁ ክፍተት ፍጠሩ፣ ካልሆነ ንዝረቱ በቀጥታ የጎረቤቱ ጭቃ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚገባው። ጎበዝ ኦፕሬተርም በጆሮው ነው የሚሠራው። ሃመሩ እየበላ ከሆነ ድምፁ ወፍራምና እኩል ነው፣ መብላት ሲያቆም ይቀጥናል፣ ብረት በብረት ይሆናል፣ ያኔ ቦታ መቀየር ነው እንጂ እዛው ላይ መጫን አይደለም፣ መጫን ማሽኑንም ይጎዳል ሰፈሩንም ያናውጣል።

ስለ ጆሮ ካነሳን የራሳችሁን ጠብቁ። ድምፅ 85 ዴሲቤል ሲሆን ስምንት ሰዓት ነው ጆሮ ያለ ጉዳት የሚችለው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ዴሲቤል ላይ ስንደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል፣ ጃክ ሃመር የያዘ ሰው ጆሮ ጋ ደግሞ እዛ ድረስ ይደርሳል። ማታ ጆሯችሁ ሲጮህ ካደረ ተጎድቷል ማለት ነው፣ የሞተ የጆሮ ነርቭ አይመለስም። እዚህ ጋ ጥያቄ ይመጣል፣ ጆሮ ከተደፈነ ቤቱን ማን ይሰማዋል? መልሱ አንድ ሰው መመደብ ነው። መዶሻ የማይዝ፣ ስልክ የማይነካ፣ ከአደጋው ክልል ውጪ ቆሞ ማየትና መስማት ብቻ ሥራው የሆነ ሰው፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያለው። አንድ ረጅም ፊሽካ ከሆነ ሁሉም መሣሪያውን ጥሎ ይወጣል፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ከወጣ በኋላ ነው። ፎርማኑ ለምን አቆማችሁ ብሎ ከተቆጣበት ያ ሰው ሁለተኛ አይነፋም፣ ስለዚህ ለስህተት ፊሽካ ቁጣ የለም። በየምዕራፉም፣ ጣሪያው ሲያልቅ፣ አንድ ግድግዳ ሲወርድ፣ ሁሉም መሣሪያ ይቁምና ጥቂት ደቂቃ ጸጥ በሉ። ቤቱ ከተመታ በኋላ ራሱን ያስተካክላል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ በዛች ጸጥታ ውስጥ ነው የሚሰማው። ሳይት ላይ በትልቁ ሙዚቃ መክፈትንም በዚሁ ምክንያት አልወደውም።

ቪዲዮ ላይ የምታዩት በፈንጂ የሚፈርስ ሕንፃ ለኛ ዓይነት ሰፈር የሚሆን አይደለም፣ ግን ስለ ድምፅ የሚያስተምረው ነገር ስላለ ልንገራችሁ። ሕንድ ኖይዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 2022 ወደ 100 ሜትር የሚጠጉ ሁለት መንታ ሕንፃዎች ከ3700 ኪሎ በሚበልጥ ፈንጂ በ9 ሰከንድ ገደማ ወረዱ። ሰው ፈንጂው ሕንፃውን ብትንትን የሚያደርገው ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም፣ ፈንጂው ኮለኖቹን ብቻ በተራ ይቆርጣል፣ ቀሪውን የሚሠራው የሕንፃው የራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ ስትሰሙት መጀመሪያ ተከታታይ ደረቅ ‹ጧ ጧ ጧ› ነው፣ ቀጥሎ ለአፍታ ምንም፣ ከዛ ነው መሬት የሚያንቀጠቅጠው ጉርምርምታ የሚመጣው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ሕንፃው መውደቅ ከጀመረ ሦስት ሰከንድ በኋላ ነው የሚሰማው። ጃፓኖች ደግሞ ካጂማ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሕንፃን ከሥር በጃክ ተሸክሞ የታችኛውን ወለል እየቆረጠ ዝቅ ዝቅ የሚያደርግበትን ዘዴ ተጠቅሟል፣ ጩኸቱና አቧራው መሬት ላይ ብቻ ይቀራል። ለተጨናነቀ ከተማ እንዴት ደስ የሚል ሐሳብ ነው።

ሠራተኞቻችሁን በሸበጥ እንዳታሠሩ። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ጓንት፣ ሄልሜት፣ ለአቧራውም የጨርቅ ማስክ ሳይሆን ኤን 95፣ የሲሚንቶና የብሎኬት ደቃቅ ብናኝ ጨርቅን አልፎ ነው ሳንባ የሚገባው። ሚስማር የወጋው ሰው ‹ምንም አይደል› ብሎ ሥራ አይቀጥል፣ ታጥቦ የዛኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠይቅ። ይሄን ወጪ ከሒሳቡ ላይ ቀድማችሁ ያዙት።

የወጣውን ዕቃ እዛው ለዩት፣ ደህና ጽድና ዋንዛ አግድም ደርድራችሁ ከሥሩ ድንጋይ አድርጉለት፣ ቆርቆሮውን በመጠን በመጠኑ፣ ፌሮና ቁርጥራጭ ብረት ለቁራሌው። ሙሉ ብሎኬት ሲሚንቶው ተፍቆ ለአጥር ይሆናል፣ ለሸክም ግድግዳ ግን ድጋሚ አትጠቀሙት። የጭቃውን አፈር ግቢ ውስጥ መመለስ ይቻላል፣ የሲሚንቶ ፍርስራሹን ግን አዌቱ ዳር የሚደፋ ኢሱዙ አትቅጠሩ፣ ክረምት ሲመጣ ወንዙ ተዘግቶ የሚያጥለቀልቀው ታች ያሉትን ሰዎች ቤት ነው። የት እንደሚደፋ ቀበሌውን ጠይቃችሁ ከሾፌሩ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ክፍያውንም ደፍቶ ሲመለስ አድርጉት። ከዛ የድሮ ስፒከር ማግኔት ገመድ ላይ አስራችሁ ግቢውንና በር ላይ ያለውን መንገድ እየጎተታችሁ ዙሩት፣ የሚወጣውን የሚስማር ብዛት ስታዩ ነው የምታምኑኝ፣ ማግኔቱ ባዶውን እስኪመለስ ድረስም ደጋግሙት።